ነጩ ጠርሙስ በሁዳዴ

አቶ ገብረሰንበት እልኸኛ ናቸው ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሁለት ሰፈር ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮና ምስማር ሲሸጡ አንዴ ከተናገሩት ዋጋ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። በ1991 ሁዳዴ አንጀታቸው ተጠማዞ፣ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲወጡ ባለች አንዲት ክሊኒክ ኦፕራሲዮን ሆነው ሲተኙም እልኻቸው አብሯቸው ተኛ።

ልጃቸው ዓለም ሱቁን ዘግታ አልጋቸው አጠገብ ከተቀመጠች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ከአንጀታቸው ክንድ የሚያህል ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው ገና ሥራ ስላልጀመረ በአፍ ውሃ እንኳ ክልክል ነው። ሰውየው ከስተው አለቁ፤ የሆዳቸው ቁስልም አልገጥም አለ። ሐኪሙ ዶክተር ዋቅጅራ ጀርመን አገር ለትምህርት ሄደው ሲመለሱ ያመጡት አዲስ ነገር ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ከዓሣ ዘይት የተሠራ ምግብ። «አቅም ይሰጣቸዋል፤ ቁስሉንም ያግዝልን ይሆናል። ያለኝ ግን ጥቂት ጠርሙስ ነው» አሉ። ጠርሙሱ ድፍን ነጭ ነው፣ ልክ እንደ ወተት።

ነጩ ጠርሙስ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ዓለም ቅያሪ ልብስ ይዛ ከቤት ስትመለስ፣ አባቷ በቀጫጭን ጣቶቻቸው የቱቦውን መዝጊያ ሲያጠብቁ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። ጠብታው ቀጥ ብሏል። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ነርሷ ዞር ስትል ይዘጋሉ፣ ኮቴ ሲሰሙ ይከፍታሉ!

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«በሁዳዴ ወተት አልጠጣም።»

«ማን ጠጡ አለዎት?»

«በአፍ ገባ በክንድ ያው ነው። እኔን አታሞኙኝም።»

የንስሐ አባታቸው መጥተው፣ ሕመምተኛ ጾም አይገደድም ብለዋቸው ነበር እኮ! እሳቸው ግን «እሺ አባቴ» ብለው መስቀል ተሳልመው ያሰቡትን ያደርጋሉ። ዓለም እንባዋ መጣ። ዶክተሩ ጠዋት ኮሪደር ላይ «በዚህ አያያዝ ሳምንት የሚዘልቁ አይመስለኝም» ማለታቸውን አባቷ አልሰሙም፤ እሷ ግን ሰምታለች። ሮጣ ሲስተር ፈዲላን ጠራቻት።

ፈዲላ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሻሿን ግጥም አድርጋ የምታስር የስልጤ ልጅ ናት። እኚህን ነጭናጫ ሽማግሌ ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ፊቷ አንዴ ጠቁሮ አያውቅም። ዓለም ክንዷን ይዛ ለመነቻት። «ሲስተር፣ በሞቴ፣ የኑግ ዘይት ነው በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

ፈዲላ ገባችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ወተት አይደለም።»

ዓለም በልቧ ተመስገን አለች።

«የዓሣ ዘይት ነው። ዘይትና ውሃ አልዋሃድ ስለሚል ደግሞ ከእንቁላል አስኳል የወጣ ማዋሃጃ አለበት።»

እንቁላል! ይቺ ልጅ አብዳለች እንዴ? ዓሣው ሳይበቃ! ዓለም ከኋላ ቆነጠጠቻት፤ ፈዲላ ዞር ብላም አላየቻት።

«ስለ እንቁላሉ ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሽማግሌው ተገርመው።

«ማንም። ግን ክንዱ የእርስዎ ነው፤ የሚገባበትን ማወቅ አለብዎት።» «እኔ ባለፈው ረመዳን ታይፎይድ ይዞኝ አሥራ ሁለት ቀን ሳልጾም ቀረሁ። አልቅሻለሁ አባባ። አባቴ ግን ‹ሕመሙንም የሰጠ እሱ፣ ፈቃዱንም የሰጠ እሱ፤ አንዱን ተቀብለሽ አንዱን ልትመልሺ ነው?› አለኝ። ይኸው ድኜ ያጎደልኩትን እየጾምኩ ነው።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን። ዛሬም።»

አቶ ገብረሰንበት ቀና ብለው አዩዋት። ጠዋት አንሶላ የቀየረችላቸው፣ ቀትር ላይ ደግፋ ያስቀመጠቻቸው፣ ለካ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ነው። ዓለምም አላወቀችም ነበር፤ «ሻይ ላምጣልሽ?» ባለቻት ቁጥር «ቆይ» እያለች የምታልፈው ለዚህ ኖሯል። ዋሺልኝ ብላ በመለመኗ አፈረች። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አለ?

ሽማግሌው ክንዳቸውን ወደ ነርሷ አስጠጉ። «ሌላው ሁሉ ደብቆ ነው ሊያጠጣኝ የሚፈልገው» አሉ። «በይ ክፈችው።»

አትጨነቁ፣ ሰውየው ፋሲካን ቤታቸው ነው የዋሉት። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ነው። ሰውነታቸው ስላልለመደው ብርድ ብርድ እንዳይላቸው ብላ ፈዲላ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። ጠብታውን ትቆጥራለች፣ ትኩሳታቸውን ትለካለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሩቅ አዛን ተሰማ። ሥራዋ ላይ ነበረችና ልብ አላለችውም፤ የዓለምም ዓይን ቱቦው ላይ ነው።

አባቷ ነጻ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓለም ለራሷ ቀድታ ኮመዲኖው ላይ የተወችውን የውሃ ብርጭቆ አነሱ።

ዓለም ደንግጣ ብድግ አለች። «አባባ! ክልክል ነው!»

«ለእኔ ነው ማን አለሽ?» ብለው ገላመጧትና ብርጭቆውን ወደ ፈዲላ ዘረጉት። «ፀሐይ ጠለቀች እኮ ልጄ። ጠጪ።»