ጎማ የለበሰው ቧንቧ

ደብረ ታቦር ላይ ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ የሚሰቅል ሰው ብዙ ነው፤ በተማረው የሚሠራ ግን ጥቂት። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ሲሳይ ከብዙዎቹ ወገን ነበር።

አናጺው ዘውገ አርባ ዓመት የዋንዛ ብናኝ ሲስብ ኖሮ ሳንባው ታመመ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብናኝ ከሳቡ ዕድሜዎን ራስዎ ያሳጥራሉ» ቢለው፣ ሲሳይ ከእንጨት ማለስለሻው ጋር በቱቦ የሚገጠም ብናኝ መሳቢያ ገዛ። ይህ በጎ ሥራው ነው፤ ሌላ አላየሁበትም።

ቱቦው በተቀደደ ጊዜ በምትኩ የፍሳሽ ፕላስቲክ ቧንቧ ቀጠለበት። በየካቲት ደረቅ ነፋስ ብናኙ ፕላስቲኩን እያሸ ሲሮጥ፣ ቧንቧው ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የዘውገን እጅ እንደ ንብ ይነድፍ ጀመር።

«ሐሳብዎ የፈጠረው ነው፣ አያ ዘውገ» አለ ሲሳይ። ቢሆንም ቧንቧውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ጠቀለለው። «ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ተምረነዋል!»

የተማረው ግማሹን ነው። ጎማው ለተጠራቀመው መውጫ አሳጣው እንጂ አላጠፋውም፤ ንድፊያው ባሰ። ዘውገ መሳቢያውን ትቶ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይሠራ፣ ቀኑን ሙሉም ይስል ጀመር።

ሳሉን የሰማው ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪው ኢድሪስ ገብቶ ቧንቧውን አየና ሳቀ።

«አያ ዘውገ፣ ብርድ መታው እንዴ? ጋቢ አልብሳችሁታል!»

ጎማውን ገፎ ልባስ የሌለው የመዳብ ሽቦ ጠመጠመበት፤ ጫፉንም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አሰረው። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ወደ መሬት ወርዶ ንድፊያው ቆመ።

ሲሳይ በማግስቱ ሽቦውን አይቶ በጠሰው። «የቆርቆሮ ሠሪ ጥበብ በእኔ ቤት?» ብሎ ጎማውን መለሰው።

ዘውገ መሳቢያውን አስነሥቶ ጥቂት ሠራና ቧንቧውን ዘረጋለት። «እንግዲያው አንቱ ይያዙት። ሐሳብ ከሆነ የተማረ ሰው አይነድፍም።»

ሲሳይ ክራባቱን አስተካክሎ ያዘ። ወዲያው «በስመ አብ!» ብሎ ወረወረው።

«ምን ሆኑ ጌታው? ሐሳብ ገባዎት?» አለ ዘውገ፤ ሳሉ ሳቁን ቆረጠበት። ከሳሉ ሲያርፍ ግን አልሳቀም። «ወይ ሽቦው ይመለሳል፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ። ትንፋሼን ለአንቱ ኩራት አልገብርም።»

እንደ ዘውገ ያለ አናጺ እስከ ይፋግ ከተማ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ሲሳይ ጎማውን ገፎ ሽቦውን መልሶ ሊያስር በሙሉ ልብሱ ተንበረከከ። ማሰሩን ስላልቻለበትም ኢድሪስ ተጠርቶ፣ «አጥብቀው! የሴት ፀጉር አይደለም የምትሠራው!» እያለ አሳየው።

ዘውገ እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ፤ ብናኙ ወደ መሳቢያው ከረጢት ገባ፣ እርሱም አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለም። ሲሳይ ኢድሪስን አላመሰገነውም። ምስጋናውን ደግሞ ማንም አልጠበቀም።