ለማዳው ቀበሮ

ሰፈሩ የሚያውቃት «የቀበሮ ሐኪም» ብሎ ነው። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ሰው የምታክም ልጅ ሲጠብቁ የዱር እንስሳት በሽታ የምታጠና ስትሆንባቸው መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፤ በኋላ ግን ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ ይኩራሩባት ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥ ብሏቸው ቀርቷል፤ የሞተ ቀበሮ ራስ ቆርጣ ወደ ላቦራቶሪ መውሰዷ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚታወቀው ከአንጎል ነው ብትላቸውም፣ «ምስኪን ፍጡር፣ ሞቶም አያርፍ!» ይላሉ።

ዘንድሮ ጫካው ውስጥ ቀበሮው በዚሁ በሽታ እንደ ቅጠል ሲረግፍ ስለከረመ እሷም እዚያው ከርማለች። ቤት የገባችው ዛሬ ለምሳ ነው። እናቷ የሚያደርጉትን አጥተው ሽር ጉድ ይላሉ። አባቷ ግን ምግቡን ገፋ አድርገው አመልካች ጣታቸውን ያካሉ።

«ምን ሆነህ ነው አባዬ?»

«እንጃ፣ ይወረኛል። ጉንዳን የሚሄድበት ነው የሚመስለኝ።»

«ያን ጉድህን ንገራት እንጂ!» አሉ እናቷ።

አባቷ እንደ ልጅ አፈሩ። ክረምቱ ሳይገባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ቀበሮ ግቢያቸው ዘው ብሎ ነበር። አረፋ አልደፈቀ፣ አላበደ፤ ሰው እንኳ አይፈራም። ሥጋ ቢሰጡት ይህንኑ ጣታቸውን ነከስ አድርጎ ሄደ።

«ሲጫወት ነው» አሉ። «ቁስሉም ወዲያው ድኗል።»

የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ሰው መፍራት የተወ ቀበሮ የታመመ ቀበሮ ነው። ይህን ለስንቱ ገበሬና ለስንቱ ተማሪ ስትለፈልፍ ኖራ ለገዛ ቤቷ ሳትነግር ቀረች። ያኔውኑ ብትሰማ ክትባት ነበረ። በሽታው አንዴ ራሱን ካሳየ፣ በሽተኛው ውሃ መዋጥ ካቃተው ግን መድኃኒት የለውም።

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«ብደውልልሽ ራሱን ልትቆርጪው አይደል? አሳዘነኛ!»

ብርድ ይሆናል፣ የነርቭ ነገር ይሆናል አለች በሆዷ። ፈርታለች። እንዳያስታውቅባት ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው።

«እስቲ ትንሽ ጠጣ፣ አባዬ።»

ተቀብለው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ጉሮሯቸው ተያዘ። ውሃው ሸሚዛቸው ላይ ተደፋ።

«ቀስ በል፣ ማን ይሻማሃል!» ብለው እናቷ ሳቁ።

አባቷም ሊስቁ ሞከሩ። ቀና ሲሉ ልጃቸው ዓይኗን ተክላባቸዋለች።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «እንደ ቀበሮሽ ታዪኛለሽ?»