ቢሆነኝ ሚስቱን ያመሰገነ ዕለት

ኅዳር 1 ቀን 1973 ዓ.ም. ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢሆነኝ ደጃፉ ካለው የድንጋይ መደብ ተቀምጦ ብራናውን ከማኅደሩ አወጣ። ተሳለመው፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋውና የሰኞን ድጋም ጀመረ። የጸሎት መጽሐፉ ለሰባቱም ቀን ድርሻ ድርሻ አለው፤ ሰኞ የተጀመረው እሑድ ያልቃል፣ ሰኞ ደግሞ እንደገና ይጀመራል። ሚስቱ ሽታዬ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ምስሩ ላይ፣ ጆሮዋ ድጋሙ ላይ።

ድምፁ አልተለወጠም፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ግን የሆነ ነገር ጎደለባት። ብራና ሲገለጥ እንደ ገለባ ኮሽ ይላል። ሽታዬ ይህን ኮሽታ ከሙሽርነቷ ጀምሮ ስትሰማው ስለኖረች የትኛው ቃል ላይ ቅጠሉ እንደሚገለጥ ጠንቅቃ ታውቃለች። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም፤ ግዕዝ ነዋ። ያን ጠዋት ቢሆነኝ የመጀመሪያው መገለጫ ላይ ደረሰ፣ አልገለጠም። ሁለተኛውንም አለፈው።

ምስሩን አስቀምጣ ወጣች።

«አንቱ፣ አልገለጡም እኮ።»

«ምኑን?»

«ቅጠሉን።»

ቢሆነኝ በአውራ ጣቱ የብራናውን ጠርዝ ሲዳብስ ቆየና፣ «ከመስቀል ወዲህ አይታየኝም፤ እስከ ትናንት በልማድ ነበር የምገልጠው» አለ። «መጀመሪያ ፊደሉ ጉንዳን መሰለኝ። አሁን ጉንዳኑም የለም።»

ቢሆነኝ በልጅነቱ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ ያገለገለ፣ ኋላ ሞፈር የጨበጠ ሰው ነው። ያ መጽሐፍ ከእጁ የማይለየው በስለት ነው። ብቸኛ ልጃቸው ጥሩነሽ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ይዟት ከፈን እስከሚፈለግላት ደርሳ ነበር። ያኔ «ትዳንልኝ እንጂ በሕይወት እስካለሁ ድጋሙን አንድ ቀን አላስታጉልም» ብሎ ተሳለ። ልጅቱ ዳነች፤ አድጋም የቀን መንገድ ከሚርቀው ብልባላ አገባች። እሱም ቃሉን ጠበቀ። ታዲያ በቃሉ አይወጣው ይሆን? ይወጣዋል። ነገር ግን ያስተማሩት የኔታ፣ «ዓይንህ ከፊደሉ አይነሣ፤ ምላስ ብቻዋን ከሄደች የት እንደምትገባ አይታወቅም» ይሉት ስለነበር፣ በቃል ብቻ መድገም ለቢሆነኝ ስለትን መሸራረፍ ነው። ሰው ሳያየው ከመስቀል ወዲህ ሲሸራርፍ የከረመ መስሎት አንገቱን ደፋ።

ደግሞ ዓይኑ ብቻ አልነበረም። ከክረምቱ ጀምሮ እግሩ ያብጣል። ላሊበላ ወስደውት ሐኪሙ እግሩን በጣቱ ተጭኖ አየና ልቡ ደክሟል አለ። ሽታዬ ያን ጊዜ የፈራችው ሞቱን ብቻ አይደለም። ስለቱን ያፈረሰ መስሎት እንዳይሞት ነው የፈራችው።

«እኔ አነብልዎታለሁ» አለችው።

ሽታዬ በግንቦት የተከፈተው መሠረተ ትምህርት ገብታ ነበር። የቀበሌው ገበሬ ማኅበር ከዋርካው ሥር ሰሌዳ አቁሞ ሽማግሌውንም አሮጊቱንም አስቀምጦ ፊደል ሲያስቆጥር፣ ሌሎቹ ቅጣት ፈርተው ሲሄዱ እሷ ወድዳ ሄደች። መስከረም ላይ ተፈትና አለፈች።

«አንቺ ያነበብሽው የቀበሌውን መጽሐፍ ነው» አለ ቢሆነኝ።

«ፊደሉ ይለያል?»

«ፊደሉማ ያው ነው።»

«እንግዲያው ይስጡኝ።»

ከጎን ግቢ የምትኖረው የቢሆነኝ ታናሽ እህት አለሜ ነገሩን ስትሰማ ከሳቋ የተነሣ አጥር ተደገፈች። «ወንድሜን ቅስና አላደርስ ያለው ድህነት ነበር፤ ሚስቱን ግን ደርግ አቀሰሳት» አለች።

አለሜ አፏ አያርፍም። ከድጋሙ በኋላ ቢሆነኝ ከመጽሐፍ ያልቀዳው የራሱ ምስጋና ነበረው፤ እሱንም አትምረውም። ቀንበር ላልሰለቸ በሬ ተመስገን ይላል። ጣራው ሳያፈስ ለነጋ ሌሊት ተመስገን። ከጎረቤት ላላጣላን ድንበር ተመስገን። ለድመቷ እንኳ፣ አይጡን ከጎተራ ስላራቀች፣ ተመስገን። አለሜ ይህን ስትሰማ፣ «አያ፣ በሬውን አመሰገንህ፣ ድመቷን አመሰገንህ፤ ሽታዬ የት ገባች?» ትለዋለች። «በሬው ስለሚዋጋ ይሆናል። እሷም አንድ ቀን ብትወጋህ ኖሮ ስሟን ታነሣ ነበር።»

ለባሏ የምትከራከረው ራሷ ሽታዬ ናት። «የቤት ሰው ይመሰገናል እንዴ? ቀኝ እጅሽ ሲያጎርስሽ እግዜር ይስጥልኝ ትይዋለሽ?»

እውነቷን ነው። በዚያ ቤት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ለእንግዳ የሚባል ቃል ነው። ላመሸ መንገደኛ፣ በሬ ላዋሰ ጎረቤት፣ ጠበል ይዞ ለመጣ ካህን ይባላል። ባል ለሚስቱ ያለው እንደሆነ ባዳ አደረጋት ማለት ነው።

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሽታዬ ብራናውን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች፣ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ታሳርፋለች። የብራናው ጽሕፈት እንደ ቀበሌው መጽሐፍ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፊደሉ ትከሻ ለትከሻ የተጋፋ ነው። እሷ አንዱን ቃል ገና ስትቆጥር ቢሆነኝ መስመሩን ጨርሶ ቀጣዩ ላይ ይደርሳል። ዓይኗ ከኋላ ጆሮዋ ከፊት ሆኖ ተቸገረች። ኋላ ኋላ ደግሞ ጣቷን በፊደሉ ላይ እያስኬደች የሱን ድምፅ ተከትላ ብቻ እንደምታጉተመትም ታወቃት። እሷም ብትሆን ስንት ዘመን ስትሰማው የኖረችው ነገር በቃሏ ተይዞላታል።

«አንቱ ዝም ካላሉ እኔ መቼ ላነብ ነው?»

«አንቺን ብጠብቅ ፀሐይ ትጠልቃለች።»

«ትጥለቅ። ስለቱ በዓይን ነው ብለዋል። የማን ዓይን ነው አሁን የሚያየው? የኔም አላየ፣ የርስዎም አላየ።»

ቢሆነኝ ለአንድ ቀን ዝም ይላል፤ በማግስቱ ምላሱ ትቀድመዋለች። ኅዳርም ታኅሣሥም በዚህ አለቀ። እብጠቱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት ወጣ። ሽታዬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀልላት ብራናውን ይዛ ከቤቱ ኋላ እየሄደች ማንም ሳይቀድማት ለብቻዋ ፊደል ትለቅም ጀመር። ምስር እንደ መልቀም ነው፤ አንድ በአንድ።

የጥምቀት ሳምንት ሐሙስ ደረሰ። የሐሙስ ድርሻ ረጅም ነው። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ቢሆነኝ እንደ ልማዱ ሊቀድማት አፉን ከፈተ፣ ሁለት ቃል አወጣና ቆመ። ተመለሰ፣ እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ፊቱን ወደ እሷ መለሰ።

«ጠፋኝ» አለ።

ሽታዬ ጣቷን አየች። ጣቷ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። ቀጠለች። ፊደል በፊደል፣ ቃል በቃል፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እየሞከረች፣ አንዳንዱን እያጣመመች አነበበች። ያርመኛል ብላ ብትጠብቅም አላረማትም። ቅጠሉን ገለጠች፣ ኮሽ አለ። ተስፋ ቆርጦ የተዋት መሰላት፤ ነገር ግን አላቆመችም። ፀሐይዋ ከመደቡ ላይ እስክትነሣ አንብባ ጨረሰች፣ ብራናውን ተሳለመች፣ ዘጋችው።

ቢሆነኝ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ሽታዬ አማቷን አስታወሰች። የቢሆነኝ እናት ያረፉት በሷ እጅ ነበር። ምላሰኛ አሮጊት ናቸው፤ ዓመት ሙሉ ስትመግባቸውም ስታጥባቸውም አንድ በጎ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። አንድ ቀን ግን ውሃ ስታቀርብላቸው እጇን ያዝ አድርገው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት። በማግስቱ ዐረፉ። ልጃቸውም ዛሬ ያንኑ አለ። ሊሰናበታት ነው።

«ምን አሉኝ?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩሽ።»

ብራናውን ማኅደሩ ውስጥ ከትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እየሮጠች ወደ አለሜ ግቢ ገባች። አለሜ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም፤ የእናቷን ነገር እሷም ታስታውሳለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ምስጋኑን ልትጠራ ወደ ገነተ ማርያም ወረደች። ጨው ጭኖ ወደ ብልባላ የሚያልፈው ነጋዴው አብዱልሀሚድም የጥሩነሽን ቤት ያውቅ ስለነበር፣ «ለልጃችን ንገርልን፤ አባትሽ አመስግኖ እየተሰናበተ ነው በላት» ተባለ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቄስ ምስጋኑ አውድማቸውን ጥለው፣ ልብሳቸው ላይ እብቅ እንዳለ መጡ። ቢሆነኝ መደቡ ላይ ተቀምጦ የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥም ነበር።

«እንዴት ነህ፣ ልጄ?» አሉት፣ መስቀላቸውን እያሳለሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ምነው በአውድማ ጊዜ?»

ቄስ ምስጋኑ ሽታዬን ተመለከቱ፤ ሽታዬ አለሜን ተመለከተች። ያን ጊዜ ከማዶው ተረተር ላይ ለቅሶ ተሰማ። ጥሩነሽ ናት። መልእክቱ ሲደርሳት አባቷ ያለቀለት መስሏት፣ ከንጋት ጀምራ ስትገሰግስ መጥታ መንደሩ ሲታያት ጮኸች። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አደግድጎ፣ የሚያጭደውም የሚወቃውም ሥራውን ጥሎ ወደ ቢሆነኝ ደጅ ጎረፈ።

«ማን ሞተ?» አለ ቢሆነኝ፣ ቆሎውን አስቀምጦ።

ጆሮውን ወደ ተረተሩ አቀና።

«ድምፁ የጥሩነሽ ነው እኮ። ማን ሞቶባት ነው?»

«አንተ ነህ» አለች አለሜ።

ጥሩነሽ ከደጁ ደርሳ አባቷን ተቀምጦ ስታየው እንባዋ እንደ ወረደ ቆማ ቀረች። ነገሩን ማስረዳት የሽታዬ ፋንታ ሆነ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አመሰገኑኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉኝ። እማማም እንዲህ ብለውኝ ነው የሄዱት።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄስ ምስጋኑ ናቸው። «ሚስቱን ያመሰገነ ሁሉ የሚሞት ከሆነማ እኔስ ለባለቤቴ ትንፍሽ አልልም» አሉ። «ለነገሩ እስካሁንም አላልኩ፤ ለዚህ ይሆናል የቆየሁት።» ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ ግን ዱላውን እየነቀነቀ፣ «በሥራ ቀን ለከንቱ ለቅሶ» እያለ ተመለሰ።

ቢሆነኝ አልሳቀም። «ሽታዬ፣ ነይ ተቀመጪ» አለ፤ ቀጥሎ የተናገረውን ሰው ሁሉ ሰማው። «እኔ በቃሌ ስደግመው መንገድ እንደ ለመደች አህያ ነው፤ ጌታዋ ተኝቶም ታደርሰዋለች። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ እያንዳንዱን ቃል አንሥተሽ አሳየሽኝ። ስንት ዘመን በአፌ ሲመላለስ የኖረውን ትናንት ገና ሰማሁት። ቤቴ እንግዳ የገባ መሰለኝ። ለእንግዳ የሚባለውን አልኩ። ስለቴንም አንቺ ያዝሽልኝ። ሌላ ምን ልበል?»

«ይኸው ከድመቷ ቀጥላ ተራዋ ደረሰ» አለች አለሜ፤ ዓይኗን ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ካስደነገጠሽ ሁለተኛ አልልም» አለ ቢሆነኝ።

ሽታዬ ከመደቡ ጫፍ ቁጭ አለች። ጥሩነሽ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ይበሉ» አለች ሽታዬ። «ግን በየቀኑ ይበሉት። አንድ ቀን ብቻ ሲባል ነው የሚያስፈራው።»

ቄስ ምስጋኑ አብረው የሽምብራውን ቆሎ ቀመሱና አውድማቸው ሳይመሽበት ሄዱ። ጥሩነሽ ሰንብታ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ቢሆነኝ በየጠዋቱ ድጋሙ ሲያልቅ፣ በሬውንና ድመቷን ሳይጠራ በፊት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላታል። ሽታዬ መጀመሪያ ሰሞን ቃሉን በሰማች ቁጥር ጎንበስ ብላ እግሩን ትዳብስ ነበር፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ። ዐቢይ ጾም ሲገባ መዳበሷን ተወች። ጾሙ ሲጋመስ «አብሮ ይስጠን» ማለት ጀመረች። እንደ እህል ውሃ ተለመደ።

ከሆሳዕና በፊት በዋለው ማክሰኞ የማክሰኞን አነበበችለት። ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። «አብሮ ይስጠን» ብላው ብቅል ልታሰጣ ከቤቱ ኋላ ሄደች። ስትመለስ ቢሆነኝ ግድግዳውን እንደ ተደገፈ ዐርፎ ነበር። ሰው ሲጠይቃት፣ ምን ብሎ እንደ ተሰናበታት ወዲያው አልመጣላትም፤ ቆይታ ነው ያስታወሰችው። ገነተ ማርያም ተቀበረ። የረቡዕን ድርሻ ልቅሶው ሳይበተን ሽታዬ በመደቡ ላይ ተቀምጣ አነበበች፤ ሐሙስንም፣ ዐርብንም።

በሚቀጥለው ዙር መሠረተ ትምህርት አለሜ ተመዘገበች። ክረምቱን ወገቧን ስላመማት ከ«መ» ሳታልፍ ዙሩ ተዘጋ።