ሰባተኛው መደብ

"ስሟን ሰርዝ አልኩህ እኮ፣ መምህር! በሬው ቆሞ ይጠብቃል!"

አቶ አሞጽ ቢላውን በሞረድ እየሳሉ ጮኹ። የመስቀል ዋዜማ ነው። ምስክር መዝገቡን ይዞ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል። ሰባት የሆሳዕና ከተማ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው በሬ የሚያርዱባት፣ ቱታ የሚሏት ማኅበር ዘንድሮ ጎድላለች። ከሰባቱ አንዱ፣ ተገኘ፣ የካቲት ላይ ሞተ። ሚስቱ አበራሽ መዋጮውን እስከ ሰኔ ገፋችበት፤ ከዚያ አቃታት።

"የከፈለችው ይመለስላታል፤ አልበደልናትም" አሉ አቶ አሞጽ።

"ነገ ልጆቿ ብር ይቀቅሉ?"

"ከንግድ ሥልጠናው ስመለስ ምን አልኳችሁ? ከእንግዲህ ካምፓኒ ነን። በካምፓኒ ደግሞ ያላሟላ ይወጣል።"

እውነትም ብለው ነበር። በመዝገቡ ሽፋን ላይ "ካምፓኒ" ብሎ በትልቁ የጻፈውም ራሱ የእንግሊዝኛ መምህሩ ምስክር ነው፤ ያኔ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ጽሑፉን ሲያይ ደሙ ፈላ።

"ለመሆኑ ቃሉ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?"

"ድርጅት ማለት ነዋ!"

"ከየት መጣ ነው ያልኩት። ከላቲን ነው፤ 'አብሮ' እና 'ዳቦ'። መጀመሪያ አንድ ዳቦ አብረው የሚቆርሱ ሰዎች ማለት ነበር። ፈረንጅ እንኳ ስሙን ያወጣው ከማዕድ ነው፤ እርስዎ በዚሁ ስም አባት የሞተባቸውን ልጆች ከማዕድ ያስነሳሉ!"

በሬውን የያዘው ሆሴዕ ሳቀ። "እኛ ምን አገባን? እኛ ቆጮ በላተኞች ነን!"

ሁሉም ሳቁ፣ ከምስክር በቀር።

"እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለህም" አሉ አቶ አሞጽ። "እንዲህ ካዘንክላት አብረሃት ውጣ። ጸሐፊ አናጣም።"

ምስክር መዝገቡን ዘጋ። ቱታ ሥጋ ብቻ አይደለችም፤ ሰው ሲታመም የምትሸከም፣ ሲሞት ድንኳን የምትተክል እሷ ናት። ከእሷ የወጣ ከጎረቤት ወጣ።

በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ። ስድስት የኮባ ቅጠል ሣሩ ላይ ተነጠፈ፤ ሥጋው በየቅጠሉ ተመደበ። ከአጥሩ ማዶ አበራሽ ልብስ ታሰጣለች፤ ወደዚህ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታለች። የሚሰጣው ልብስ አልቆ እንኳ ከገመዱ ሥር አልሄደችም።

ምስክር ወደ እንሰቱ ሄደ። አንድ ሰፊ ቅጠል ቆረጠና ከስድስቱ ጎን አነጠፈው።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉ አቶ አሞጽ።

"የተገኘ ቤት መደብ። ከእናንተ ድርሻ አልነካም።"

ስሟን ሳይሰርዝ መዝገቡን አቶ አሞጽ እግር ሥር አኖረ። እጅጌውን ሰብስቦ ቢላ አነሳና የራሱን መደብ ለሁለት ይከፍል ጀመር።