እጆቹ በቀትር የት ነበሩ?

ኤልያዳ የወደቀው ልክ በቀትር፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር በገባበት ሰዓት ነው። ሬሳውን ተሸክመው ያመጡት ሁለት ሰዎች ለሚስቱ ለሔላ የነገሯት ይህንኑ ብቻ ነበር፦ ጦር እንደወጋው፣ ብዙ እንዳልተሠቃየ፣ ሰዓቱም ቀትር እንደነበር።

ያን ዕለት ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ ኮረብታው ላይ ቆሞ እጆቹን እንደዘረጋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እጆቹ ከፍ ሲሉ እስራኤል ያይላል፤ ሲወርዱ አማሌቅ። በኋላ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖር ከግራና ከቀኝ እጆቹን ደገፉለት፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም አልወረዱም። ሰው ይህን ደጋግሞ ሲያወራ አይሰለቸውም ነበር። ሔላ ግን ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ እጆቹ በቀትር የት ነበሩ?

ለቅሶ የመጡት ሴቶች፣ “ብታውቂውስ ምን ይፈይድልሻል?” አሏት። ምን እንደሚፈይድላት እሷም አታውቅም። ጥያቄው ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ አላስቀምጥ አላት።

ሰባቱ የሐዘን ቀናት እንዳለቁ፣ መናዋን በጠዋት ለቅማ ወደ ሙሴ ድንኳን ሄደች። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይጠብቃል። ሰልፉ ከሮቤል ሰፈር አልፎ በጎቹ እስከሚያድሩበት ድረስ ይደርሳል።

“ይቺ ፍየል የማን እንደሆነች ሳይፈረድ አርጅታ ልትሞትብኝ ነው” አለ፣ ከፊቷ ገመድ ይዞ የቆመ ሰውዬ።

“አንተም አብረሃት” አለችው ከኋላ ዓዙባ የምትባል አሮጊት። “ባሕር ተከፍሎልን የተሻገርን ሰዎች፣ እዚህ ተራ ይጥፋብን?”

“ባሕሩ ላይ ሰልፍ አልነበረማ፣ እማማ።”

ዓዙባ ወደ ሔላ ዞረች። “አንቺስ፣ ልጄ፣ ማንን ከሰሽ ነው?”

“ማንንም። ልጠይቀው ነው የመጣሁት።”

ምን እንደምትጠይቅ ስትነግራት አሮጊቷ አፏን በእጇ ያዘች። “እሱኑ ፊት ለፊት? ወይ ድፍረት!” ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠጋ አለች። “ስትጠይቂው ግን ቀስ ብለሽ እንዳትናገሪ። እኔም ልስማው።”

ሦስት ቀን ተሰለፈች። በሦስተኛው ቀን የሙሴን ፊት ለማየት ደረሰች፤ የሚናገር ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ ሲወድቅ፣ ደንግጦም ቀና ሲል አየችው። ሊጠይቀው ከምድያም የመጣው አማቱ ዮቶር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሰልፉን ይመለከት ነበር። የሔላ ተራ ሳይደርስ መሸ።

በማግስቱ ሰልፍ አልነበረም። ሽማግሌው አማቹን ብቻህን አትችለውም ብሎ መክሮት ነበርና በየሰፈሩ ዐዋጅ ተነገረ፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆች ተሾሙ። ቀላሉን ነገር እነሱ ይፈርዳሉ፤ ከባዱ ብቻ ወደ ሙሴ ይወጣል። የሔላ የዐሥር አለቃ ከእሷ አራተኛው ድንኳን የሚኖረው ዘኩር ሆነ፤ የኤልያዳ የአጎት ልጅ ነው።

“ይሄ ነው እንግዲህ ሙሴያችን!” አለች ዓዙባ። “የገዛ ድንኳኑን ገመድ ማጥበቅ ያቃተው!”

ሔላ ስትገባ ዘኩር ምንጣፉ ላይ እንደ ዳኛ ለመቀመጥ እግሩን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል።

“እህቴ ሔላ፣ ምን ጎደለብሽ?”

“ዳኝነት አይደለም የፈለግሁት። እጆቹ በቀትር የት ነበሩ?”

የዘኩር እግር መንቀሳቀሱን ተወ። “ይሄ ከባድ ነገር ነው። ለሃምሳው አለቃ እነግረዋለሁ፣ እሱ ለመቶው...”

“ለማን ነው የሚከብደው? ለሙሴ ወይስ ላንተ?”

“ውሃ ተሸካሚ ነበርኩ” አላት መሬት መሬት እያየ። “አቁማዳ ይዤ ከእነሱ ጋር ወጥቻለሁ። ከአጠገቡ ዐሥር እርምጃ አልርቅም ነበር።”

“ኮረብታው ላይ ነበርክ? አልነገርከኝም እኮ!”

“የጠየቀኝ የለም።”

“ይኸው ጠየቅሁህ።”

“ወርደው ነበር፣ ሔላ።”

“አንዴ ነው የወረዱት ወይስ ቀስ በቀስ?”

“ቀስ በቀስ። መጀመሪያ ግራው። ክርኑ ይታጠፋል፣ ያነሣዋል፣ መልሶ ይታጠፋል። ቀትር ላይ ሁለቱም ተንጠልጥለው ነበር።”

“ድንጋዩስ?”

“የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።”

“ከየት ነው ያመጡት? ሩቅ ነበር?”

ዘኩር ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። “ሩቅ አልነበረም። እኔ ተቀምጬበት ነበር።”

ውጭ የፍየሏ ባለቤት ተራውን እየጠበቀ ከሰው ጋር ይሳሳቃል።

“እያየኸው?”

“እያየሁት። ባሕር ላይ የተዘረጋ እጅ ይዝላል ብዬ እንዴት ላስብ? ደግሞስ ማን ደፍሮ ‘ጌታዬ፣ ደክሞሃል፣ ተቀመጥ’ ይለዋል? ሖር ዞሮ እኔንና ድንጋዩን ሲያይ ነው የተነሣሁት።” ቀና ብሎ አያት። “ክሰሺኝ። የሃምሳው አለቃ ድንኳን ያውልሽ። ሲሾሙኝ እውነተኛ ሰው ነው ብለው ነው፤ አለቅነቱም ይቅርብኝ።”

ሔላ አልተነሣችም። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

“እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ተሰልፌ በመጨረሻው ቀን አየሁት። ከዚያ ሁሉ ሰው ‘ሰውየው ደክሟል’ ያለ አንድ አልነበረም፤ ያሉት እንግዳው ሽማግሌ ናቸው። አንገቱ ሲወድቅ እኔ ያሰብኩት ተራዬ እንዳያልፍብኝ ነበር።” ቀጥላም ጠየቀችው። “ኤልያዳ ከላይ ይታይ ነበር?”

“አይታይም። አቧራ ነበር።”

“ነገም እመጣለሁ። ገና ያልጠየቅሁህ አለ።”

“ነይ” አላት ዘኩር።

ነገሩ ወደ ሃምሳው አለቃ አልሄደም። ባሕሩን በተሻገሩ በሦስተኛው ወር ሕዝቡ ድንኳኑን ነቅሎ ከጦርነቱ ቦታ ከራፊዲም ወደ ሲና ምድረ በዳ ተጓዘ፤ የኤልያዳ መቃብር እዚያው ቀረ።