የሚጠቁሩት ዓሦች

በዓሣ መቅናት ያሳፍራል። እኔ ግን ቀንቻለሁ፤ እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሠራው እቤት ነው። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ፤ በውስጡ ዲስከስ የሚባሉ ስድስት ዓሦች ይኖራሉ። እንደ ሻይ ሰሐን ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ቀለማቸው ብርቱካናማ ነው። ከእጇ ይበላሉ። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ "እንዴት አደራችሁ?" የምትለው እነሱን ነው። እኔ ሰባተኛ ነኝ።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ማታ ከሱቅ ስመለስ፣ ከወገቤ የማይለየውን የቁልፍ ዘለላ ፈትቼ መስታወቱን ኳ ኳ አደርግና "እንደምን ዋላችሁ፣ ጌቶቼ!" እላቸዋለሁ። ቀልድ ነው። እሷ ስቃ ባታውቅም እኔ እስቃለሁ።

አንድ ሰሞን ታመሙ። ቀለማቸው ጠቆረ፤ ጥግ ተሸጉጠው መብላት አቆሙ፤ ከሆዳቸው የሚወጣው ነገር ነጭ ክር መሰለ። ሚስቴ የዓሣ ሐኪም ጠራች። የዓሣ ሐኪም የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሽማግሌ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ከእኔ ዐሥር ዓመት የሚያንስ መልከ መልካም ሆነና ደሜ ፈላ። በልቤ "ዋናተኛው" አልኩት።

ዋናተኛው ከነጩ ክር ትንሽ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። "የአንጀት ተውሳክ ነው" አለ። ውሃው ሠላሳ ሁለት ዲግሪ እንዲሞቅ፣ በየቀኑ ግማሹ እንዲቀየር፣ ሜትሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት እንዲጨመርበት አዘዘ።

"እስከ ዐሥር ቀን ካልተሻላቸው ግን ቦታ መቀየር አለባቸው" አለ። "ጸጥ ያለ ቤት አለ?"

"እህቴ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ" አለች ሚስቴ። "እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ማን ያስታምማቸዋል?"

"ለስንት ጊዜ?" አልኩ እኔ።

"እስኪድኑ ነዋ።" ይህን ስትል ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም የለኝም። ዓሦቹ እንዲሞቱ እመኛለሁ፤ ከሞቱ ዋናተኛው አይመጣም። እንዲድኑም እጸልያለሁ፤ ካልዳኑ ሚስቴ ትሄዳለች።

ዋናተኛው በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ እኔም እሱ በሚመጣበት ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከች እላለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ስለ ዓሣ ዐይነ ምድር ያወራሉ። ስለ ዐይነ ምድር እንዲያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ "እርስዎ" ይላት ነበር፤ በሦስተኛው ጉብኝት "አንቺ" ሆነች። እኔን "ጋሼ" አለኝ። ሚስቴን አንቺ፣ እኔን ጋሼ! እርር ድብን አልኩ።

"ይሄ ሰውዬ የሚያክመው ዓሣውን ነው ወይስ አንቺን?" አልኳት እሱ እንደወጣ።

"እኔን የሚያክም ቢገኝማ መች ጠላሁ" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በአምስተኛው ቀን ነጩ ክር ጠፋ። በማይክሮስኮፑም ምንም አልታየም። እኔ ስደርስ ግን ዓሦቹ አሁንም ከሰል መስለው ጥጋቸውን ይዘዋል። ዋናተኛው ግራ ገባውና ለሚስቴ ደብተር ሰጣት። "ቀኑን ሙሉ ያየሽውን ጻፊ፤ እኔም መልሴን እዚያው እጽፍልሻለሁ" አላት። ትጽፋለች! ይጽፍላታል! ደብተሩን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ከእኔ የቆለፈችው ነገር አልነበረም።

የእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለው፤ ባለቤቱ ክፈትልኝ ያላለህን አትከፍትም። ሕጉን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው? በዘጠነኛው ቀን፣ እሷ የሰፋችውን ልታደርስ ስትወጣ ጠብቄ፣ በቀትር ቤት ገባሁ። ሻንጣዋ ለነገ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቆሟል። መሳቢያውን ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የፍቅር ቃል ፈለግሁ። ያገኘሁት ይሄን ነው።

"ሰኞ። ሦስት ሰዓት፤ ደማቅ ናቸው፤ ከእጄ በሉ። ስምንት ሰዓት፤ ደማቅ። አሥራ አንድ ተኩል፤ የቁልፍ ኳኳታ፤ ጠቆሩ፤ ጥግ ገቡ።

"ማክሰኞ። ሰባት ሰዓት፤ ሐኪሙ ሲመጣ ደማቅ ነበሩ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ ደረሰ። ቁልፍ፤ ጠቆሩ።"

ከሥሩ የዋናተኛው ጽሑፍ፦ "ዛሬ እኔም አየሁት። ከተውሳኩ ድነዋል፤ ይሄ ድንጋጤ ነው። ለጋሼ ንገሪያቸው።"

ቀጥሎ የእሷ፦ "ረቡዕ። ለሥራ ወጥቶ አመሸ። እስከ ሁለት ሰዓት ደማቅ ናቸው፤ ሁለቴ በሉ። ልነግረው አስባለሁ፤ ግን ይቆጣል። እኔም እኮ ያ ቁልፍ ኳ ሲል ትከሻዬ ይኮማተራል።"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ ያወጣሁት ራሴን ነው። ደብተሩን እንደነበረ መልሼ መሳቢያውን ቆለፍኩ፤ ሱቅ ተመልሼም አንዲት ቁልፍ መቅረጽ አቃተኝ።

ማታ የቁልፍ ዘለላዬን ሱቅ ሰቅዬ ባዶ ወገቤን ሄድኩ። የራሴን በር በጣቴ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ቁልፍህስ?"

"ሱቅ ነው። መሳቢያሽን ከፍቻለሁ። አንብቤዋለሁ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ለካ በዚህ ቤት የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ።

"ሕግህስ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ጣስኩት። ቀንቼ ነው።"

"በማን?"

"በሰውዬው። በዓሦቹም።"

አልሳቀችም። ጫማዬን አውልቄ ገንዳው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እስክገባ ድረስ ብርቱካናማ የነበሩት ስድስቱም ዐይኔ እያየ ጠቆሩ፤ ተያይዘው ጥግ ገቡ። ያለ ቁልፉም ያውቁኛል። አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ።

መሳቢያዋን ከፍታ ደብተሩን አወጣች፤ ሰዓቱን አየች። ልትጽፍ ነው ስል እርሳሱን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"አንተ ጻፍ።"

"ሐሙስ። አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጠቆሩ" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ ጨመርኩበት፦ "ያጠቆርኳቸው እኔ ነኝ።"

ተቀብላኝ ደጋግማ አነበበችው። ሻንጣዋን ዞር ብላ አየችው እንጂ አልነካችውም። ደብተሩን ቦታው መለሰች።

"የነገውንም አንተ ጻፍ" አለችኝ፤ መሳቢያውን ገፋችው እንጂ አልቆለፈችውም።