የስላቭኮቭ ጦርነት በቅናሽ

ኦታካር በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው በረዶ መውደቅ ሲጀምር፣ አንድ ጊዜ ይሞታል። የሚሞተው ከመንደሩ ጀርባ ባለው እርሻ ላይ፣ የሩስያ ወታደር ልብስ ለብሶ፣ ሕዝብ እያየው ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ናፖሊዮን የሩስያንና የኦስትሪያን ጦር ድባቅ የመታው እዚያው ስላቭኮቭ አጠገብ ስለሆነ፣ የአካባቢው ሰው ያን ቀን በባሩድ ጭስና በጩኸት ያስታውሰዋል። ኦታካር የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ቀን ነው። ችግሩ፣ ሩስያዊ ሆኖ ስለተመዘገበ መውደቅ ግዴታው ነው። ጎረቤቱ አሎይስ ግን ፈረስ ስላለው የፈረንሳይ መኮንን ነው፤ ሁሌ ያሸንፋል፤ አሸንፎም አይጠግብም።

ዘንድሮ ወይኑ ተለቅሞ እንዳበቃ፣ ያንኑ ጦርነት በኮምፒውተር የሚያዋጋ ጨዋታ ወጣ። ኦታካር ወሬውን እንደሰማ ልቡ ቆመ። ሩስያን ይዞ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ማሸነፍ! ግን አልገዛውም። መጀመሪያ ሰው ምን እንደሚል ላጣራ ብሎ የገዙት የጻፉትን ማንበብ ጀመረ፤ ማንበቡም ሁለት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ጨዋታው በግማሽ ዋጋ ቀረበ፤ ቅናሹ የሚያበቃው ደግሞ እሁድ ነው።

«ገና እያነበብክ ነው?» አለችው ሚስቱ ሊቡሼ፣ የተተኮሰ ልብስ ታቅፋ ስታልፍ።

«የሚሉትን እያየሁ ነዋ። አንዱ ከዚህ የተሻለ ተሠርቶ አያውቅም ይላል። ሌላው ደግሞ መመሪያው ብቻ ሁለት መቶ ገጽ ነው፣ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ጢማችሁ ይሸብታል ይላል።»

«ያንተ ሸብቷል፤ ምን ቸገረህ?»

«ሥዕሉም አያምርም አሉ። ወታደሮቹ ካርቶን ነው የሚመስሉት።»

«ኦታካር፣ እኔን ለማግባት እኮ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብህ።»

«ያኔ የሚጠየቅ ሰው አልነበረማ።»

«ብትጠይቅማ መመሪያዋ ብዙ ነው ይሉህ ነበር» አለችና ልብሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኦታካር አንድ ጠርሙስ የፕሪም አረቄ በብብቱ ሸጉጦ አሎይስ ቤት ሄደ። አሎይስ ጨዋታውን በወጣበት ቀን በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ነው።

«ሳልሞክረው አልገዛም» አለ ኦታካር።

«ሞክረዋ። ብቻ ስትሸነፍ ኮምፒውተሬን እንዳትመታብኝ።»

«ማን ነው የሚሸነፈው?»

«እንግዲህ እስከ ዛሬ ማን ነበር?»

ኦታካር ወንበሩን ሳበ። ካርታው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ክፍሎች ተከፋፍሏል። ኮረብታው፣ ወንዙ፣ ጭጋጉ፣ ሁሉም አለ። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ ጥቂት የቤት ምልክቶች ተደርድረው ተልኒትሴ ይላል።

«መንደራችን! ይኸውልህ ቤቴ!»

«ቤትህ ያኔ የት ነበረና?»

«ቦታው ግን ነበር!»

የሩስያና የኦስትሪያ ጦር ያን ቀን ጉድ የሆነው ፕራትሴ የሚባለውን ኮረብታ ለቆ በመውረዱ ነው። ናፖሊዮን በተልኒትሴ በኩል ያለውን ቀኝ ክንፉን ሆን ብሎ አሳሳው። እነሱም ደካማ መስሏቸው ያንን ለመምታት ወደ ታች ሲግተለተሉ፣ የለቀቁትን ኮረብታ ወጥቶ ያዘባቸው። ከዚያ በኋላ የተረፈው ሩጫ ነው። ይህንን በዚያ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ኦታካርማ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሜዳውን እያሳየ የሚያወራው እሱን ነው፤ የወረዱትን ጄኔራሎች ሲያነሳም «እነዚያ ጅሎች» ሳይል አያልፍም።

ስለዚህ ዕቅዱ አጭር ነበር፤ ማንም ከኮረብታው ንቅንቅ እንዳይል። አዘዘ። ተራው ኮምፒውተሩ ለሚያዋጋቸው ፈረንሳዮች ደረሰ፤ ምንም የለም። ተመልሶ ወደ እሱ መጣ፤ አሁንም ንቅንቅ የለም። ጭጋጉ ኮረብታውን ከቦ ተኝቷል። አሎይስ አረቄውን ቀዳ።

«ይሄ ጦርነት ነው ወይስ የዘበኛ ሥራ?»

«ትዕግሥት ይባላል።»

ትንሽ ቆይቶ ተልኒትሴ ላይ ጭጋጉ ሳሳ አለ። ኦታካር አንገቱን አሰገገ። መንደሩን የያዘው አንድ ትንሽ የፈረንሳይ ክፍል ብቻ ነው።

«አሎይስ፣ ባዶ ነው እኮ! የገዛ ሰፈሬን በዚህች ጦር ሊይዙብኝ?»

አሎይስ አረቄውን ተጎነጨ።

«አንድ ክፍለ ጦር ብቻ ልላክ። አንድ!»

አንዱ ወረደ። መንደሩ ግን በቀላሉ አልያዝ አለ፤ የሚያግዝ ሁለተኛ ተጨመረ። ሁለቱ ወንዙ ላይ ተጨናንቀው ሲተራመሱ እንዲደርስላቸው ፈረሰኛው ተላከ። አሎይስ ሳቁ እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞሮ ፈረሱን የሚያይ መሰለ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ ጭጋጉ ተገፈፈ፤ የፕራትሴ ኮረብታ አናት ላይ የፈረንሳዮቹ ሰማያዊ ምልክት ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። ኦታካር እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው።

ሊቡሼ በሩን ከፍታ የገባችው ያኔ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ‹ቡናዬን ጠጥቼ ልምጣ› ብሎ መውጣት ሦስት ሰዓት የሚፈጀው?» ብላ ጀመረችና የባሏን ፊት አይታ ተወችው። «ምን ሆነ? ሰው ሞተ?»

«አሥራ አምስት ሺህ ያህል» አለ አሎይስ።

ቀረብ ብላ ስክሪኑን አየች። «እዚህ ከፍታ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

«ታች ባዶ መሰለኝ።»

«ለምን ባዶ ሆነ ብለህ አትጠይቅም? ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ነው የጠበቅኩት። አንዱ ጥግ ጭጭ ካለ ሌላው ጥግ ላይ መጋረጃ እየተቀደደ ነው ማለት ነው። እስቲ ተነስ።»

«ለምንድነው የምነሳው?»

«አንዴ ልየው። ወዲያው እንሄዳለን።»

አልሄዱም። አሎይስ ጦርነቱን ከመጀመሪያው አስጀምሮላት የትኛው ምን እንደሚሠራ አሳያት፤ ሊቡሼም ኮቷን እንደለበሰች ተቀመጠች። እሷ ዝም ብላ አልጠበቀችም። ጥቂት ፈረሰኛ ወደ ጭጋጉ ውስጥ ሰደደች፤ ግማሹ አልተመለሰም፤ የተመለሱት ግን ፈረንሳዮቹ ከወንዙ ማዶ እንደ ንብ መንጋ ተከማችተው እንደሚጠብቁ ነገሯት። «አገኘኋችሁ፣ እናንተ ባለጌዎች» አለች። ተልኒትሴን ተወችው። ኦታካር ከኋላዋ ቆሞ «ሰፈራችንን?» ቢላት «ሰፈሩ የትም አይሄድም» አለችው። ኮረብታው ላይ ሦስት ጊዜ ወጡባት፤ ሦስት ጊዜ ገፍታ መለሰቻቸው። ሲመሽ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ እኩል ለእኩል።

«እኩል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማንም አላሸነፈም ማለት ነው» አለ አሎይስ።

«እንዴት ተደርጎ? ኮረብታው የኔ አይደል እንዴ? ማነው ዳኛው?»

ወደ ቤት ተመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ ኦታካር ቆም አለ።

«አልገዛውም።»

«ጨዋታው አልጣመህም?»

«ጥሟል። የጻፉት ሁሉ ስለ ሥዕሉ ማውራታቸው ነው የሚገርመኝ፤ ካርቶን መሆኑ ትዝም አላለኝ። ግን እያወቅኩ ወረድኩ፣ ሊቡሼ። እነዚያን ሰዎች ስንት ዓመት ጅል እያልኩ ስሰድብ ኖርኩ። እነሱ ምን እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ አውቄም ወረድኩ። ያ ባዶ ቦታ እንዴት ሰው እንደሚጠራ...» ጫማውን እያወለቀ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ሰው በሁለት መቶ ዓመት ስህተት መገረፍ ካማረው በየዓመቱ እርሻው ላይ በነፃ ያገኘዋል።»

ሊቡሼ እንዲህ ያለ ቀን ዝም ማለቷ ስላልተለመደ ገረመው፤ ግን ደክሞት ስለነበር ሾርባውን ጠጥቶ ተኛ።

እሁድ ጠዋት ጉሮሮዬን ይዞኛል ብላ ቤት ቀረች። ኦታካር ብቻውን ቅዳሴ ሄደ፤ ከቅዳሴ በኋላም ከሰው ጋር ቆሞ ስለ ወይኑ ሲያወራ ቆየ። ሲመለስ ቤቱ የምግብ ሽታ የለውም። ሊቡሼ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተተክላለች።

«ገዛሽው?»

«ቅናሹ እኮ ዛሬ ያበቃል።»

«አልገዛም አላልኩም?»

«ያልከው አንተ ነህ። እኔ ምን አልኩ?»

ኦታካር ቀስ ብሎ ከኋላዋ መጥቶ ሊያይ ሲል ስክሪኑን በትከሻዋ ከለለችው።

«ጉሮሮሽስ?»

«እየተሻለው ነው። ገጽ አርባ ላይ ደርሻለሁ፤ ይሄ መመሪያ ያሉትን ያህል አይደለም። ትእዛዝ የያዘ ፈረሰኛ መንገድ ላይ ሊሞት እንደሚችል ታውቅ ነበር? እኔ ‹ኮረብታውን ያዝ› ብዬ ብልክ ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል።»

«እውነትሽን ነው? ታዲያ ሁለት መልእክተኛ መላክ ይቻላል?»

«እያነበብኩ ነው አልኩህ እኮ።»

ኦታካር ኮቱን ሰቀለ። የእሁድ ምሳ እንደሌለ ሲገባው ወደ ኩሽና ገብቶ ድንቹን አወጣ፤ ቢላውን ከየት እንደሚያገኝ እስኪያውቅ ሁለት መሳቢያ ከፈተ። ቆሞ መላጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አላስችል አለው።

«ፈረሰኞቹን የት አደረግሻቸው?» ብሎ ተጣራ።

«አታዘናጋኝ!»

«ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ኮረብታውን አልለቅብሽ!»

«ከኮረብታው ጀርባ። ድንቹን ወፍራም አድርገህ አትላጠው፤ ያኔ አንድ ጊዜ የላጥከው ግማሹ ልጣጭ ሆኖ ነው የቀረው።»

«ከጀርባ?» አለ ኦታካር ቢላውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ ብሎ። «ከጀርባ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።»